ፒዛ በአክንባሎ ሥር

በአቦከርም ሆነ በሌላው የሐረር ሰፈር ፒዛ በቤቱ ለመሥራት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው እንቅፋት ኦቭን ነው። ቀጥሎ አይብ ይመጣል፤ ያ ሲነክሱት የሚሳበው ዓይነት አይብ። ሁለቱ ካልተሟሉ ሐሳቡ ይቀራል፤ ልጆቹ ካፌ ይወሰዳሉ፣ ወይ ሳምቡሳ ተገዝቶላቸው ነገሩ ይረሳል። የዚህ ምዕራፍ መከራከሪያ ግን ፒዛ ከሁሉ በፊት ዳቦ ነው የሚል ነው። ዳቦ መጋገር ደግሞ የሐረር እናቶች ከማንም የሚበደሩት ሙያ አይደለም። በቤት የተሠራ ፒዛ ሲበላሽ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ሊጡ ጊዜ አላገኘም፣ ላዩ በውኃ ርሷል፣ ወይም እሳቱ ከታች ብቻ ነበር። ሦስቱም መላ አላቸው፤ መላውም ማድ ቤት ውስጥ ያለ ነው።

ከእሳቱ እንጀምር፤ ትልቁ ክርክር እዚያ ላይ ነውና። የኔፕልስ ፒዛ ጋጋሪዎች በእንጨት የሚነደውን ምድጃቸውን እስከ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያግሉታል፤ ፒዛዋም ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ በስላ ትወጣለች። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ነገር በአንድ ላይ ይከናወናል። ከሥር ያለው የጋለ ወለል ሊጡን በድንገት ያስነሳዋል፤ ከጉልላቱ የሚወርደው ግለት ጠርዙን ያጠይመዋል፣ አይቡን ያቀልጠዋል፤ በሊጡ ውስጥ ያለው ውኃ ደግሞ ተንኖ ለማለቅ ጊዜ ስለማይኖረው ፒዛዋ ሳትደርቅ ትበስላለች። ተራ የቤት ኦቭን ግን 250 ዲግሪ ቢደርስ ነው። እንግዲህ ኦቭን የገዛውም ሰው ኔፕልስ አልደረሰም፤ በዝግታ መጋገር ከሚያመጣው ድርቀት ጋር መታገሉ አይቀርለትም። ኦቭን ባለው ቤትና በሌለው ቤት መካከል ያለው ርቀት ከሚታሰበው በእጅጉ ያጠረ ነው። ዳቦ ጠይም መልክና መዓዛ ማውጣት የሚጀምረው የላይኛው ገጽታው 140 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሲሆን፣ እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ይግላል። ለማጠየም የሚያስፈልገው ሙቀት አለ ማለት ነው።

ምጣድ የሚጎድለው የላዩ እሳት ነው። ይህን ጉድለት የሀገራችን ሴቶች የፒዛ ስም ከመሰማቱ ብዙ ዘመን በፊት አሟልተውታል። ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ይደፋል፣ ሌላ ምጣድ ወይም ቆርቆሮ ይከደንበታል፣ በክዳኑ ላይ ፍም ይበተናል፤ ከላይም እሳት፣ ከታችም እሳት። አሠራሩን ያስተዋለ ሰው ኦቭን ከዚህ የተለየ ምን እንደሚያደርግ ለመናገር ይቸገራል። ምሥራቁ ደግሞ የራሱ ብልሃት አለው፤ ሙፎ በጋለ የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሲጋገር ጀርባው ከሸክላው፣ ፊቱ ከምድጃው ግለት ሙቀት ይወስዳል። ፒዛን በዚህ ዓይነት ምድጃ ወለል ላይ ወይም በድፎ ዳቦ ስልት መጋገር ይቻላል። የድፎው ስልት ከተመረጠ ክዳኑ ቆርቆሮ ቢሆን ይሻላል፤ ሸክላ የፍሙን ሙቀት ወደ ታች ለማሳለፍ ይዘገያል። ሥራውም በግቢው ሜዳ ላይ ይሁን፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፣ ሰውም ይገድላል።

ፍም ማንደድ ለማይመቸው ቤት ቀላሉ መንገድ መገልበጥ ነው። ክብ ሆኖ የተዘረጋው ሊጥ ምንም ሳይደረግበት በጋለ ምጣድ ወይም ወፈር ባለ መጥበሻ ላይ ይጣላል፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከሥሩ ጠየም ሲል ይገለበጣል። አሁን የበሰለው ፊት ወደ ላይ ሆኗል። ቲማቲሙና አይቡ በዚህ በተጋገረው ፊት ላይ ይደረጋል፣ እሳቱ ይቀንሳል፣ አክንባሎው ይከደናል፣ ሦስት አራት ደቂቃ ይጠበቃል። የመገልበጡ ጥቅም ግልጽ ነው፦ የላዩ እሳት ሊሠራው የሚገባውን ሥራ የታቹ እሳት አስቀድሞ ሠርቶታል፤ ለአክንባሎው የቀረለት አይቡን ማቅለጥ ብቻ ነው፣ ለዚያ ደግሞ በውስጡ የታመቀው ትኩሳት ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ አለው። አክንባሎ የተሠራው እንፋሎት እንዲይዝ ነው፤ እንጀራ ዓይን አውጥቶ የሚበስለው በዚያ እንፋሎት ነው። ፒዛ ግን እንፋሎት ሲበዛበት ይልማል። ስለዚህ በመጨረሻው አንድ ደቂቃ ክዳኑ በጥቂቱ ገለጥ ይደረግ።

“ይህማ ፒዛ አይደለም፣ አይብ የተቀባ ቂጣ ነው” የሚል ሰው አይጠፋም። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ከጀርባው ትልቅ ተቋም አለ። በኔፕልስ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የእውነተኛ ፒዛ ማኅበር የዱቄቱን ዓይነት፣ የሊጡን ክብደት፣ የምድጃውን ሙቀት ሳይቀር ደንግጓል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2017 የኔፕልስ ፒዛ ጋጋሪዎችን ጥበብ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቷል፤ በግንብ የታጠረችው የሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 ከገባችበት መዝገብ ይለያል፣ ተመዝጋቢነቱ ግን ያው ነው። ነገር ግን ያችው ኔፕልስ ሌላም ታሪክ አላት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማዋ ፈራርሳ፣ ማገዶውም አይቡም በተወደደበት ዘመን፣ የድሃ ሰፈር ሴቶች ሊጡን በድስት ዘይት እየጠበሱ በደጃፋቸው ይሸጡ ነበር። ምድጃ አልነበራቸውም፤ ፒዛ አይደለም ያላቸው ግን የለም። ሶፊያ ሎሬን እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣው የቪቶሪዮ ደ ሲካ ፊልም ላይ የተጫወተችው እንዲህ ያለችውን ፒዛ ሻጭ ሆና ነው። ዛሬ የተጠበሰው ፒዛ የከተማዋ ኩራት ነው። የሮማ ሰዎች ደግሞ በትልቅ ትሪ ጋግረው በመቀስ እየቆረጡ ይሸጡታል። ደንቡ የሚጠብቀው አንዱን የኔፕልስ ዓይነት ነው፤ ለቤት ምግብ ዳኛው የበላው ቤተሰብ ይሁን።

ወደ ሊጡ እንለፍ። ለአምስት ወይም ስድስት ሰው 500 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 325 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 10 ግራም ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። ሚዛን ለሌለው ዱቄቱ አራት ኩባያ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ውኃው አንድ ኩባያና ሲሶ ነው። የእርሾው ማነስ የሚያስገርመው ሰው ይኖራል፤ የውጭ አገር የፒዛ አሠራሮች ለዚህ ያህል ዱቄት 7 ግራሙን ጥቅል ሙሉውን ጨምሩ ይላሉና። እነዚያ አሠራሮች የተጻፉት ለሚቸኩል ሰውና በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ላለ ከተማ ነው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ አራት አምስተኛ ያህል ስለሆነ፣ እርሾው የሚያወጣው ጋዝ ወደ ሩብ የሚጠጋ ተጨማሪ ቦታ ይይዛል። ሊጡ ቶሎ ኩፍ ይላል፤ ኩፍ ማለቱን ያየ ሰው ደረሰ ብሎ ያነሳዋል፣ ውስጡ ግን ገና ጣዕም አላፈራም። ውኃም በዚህ ከፍታ በ94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ከሊጡ ላይ ፈጥኖ ይተናል፤ ያልተሸፈነ ሊጥ ልጣጭ የሚያወጣው ለዚህ ነው። መፍትሔው እርሾውን መቀነስ፣ ውኃውን ጨመር ማድረግ፣ እርጥብ ጨርቅ መደረብና ማቆየት ነው።

ማቆየቱ ሌላ ስጦታም አለው፤ ክንድን ያሳርፋል። ስንዴ ውስጥ ያሉ ሁለት ፕሮቲኖች ውኃ ሲያገኙ ተያይዘው ግሉተን የሚባለውን መረብ ይሠራሉ፤ ጋዙን አፍኖ ዳቦውን የሚያነሳው ይህ መረብ ነው። ማሸት መረቡ ቶሎ እንዲሠራ ያደርጋል እንጂ ያለ ማሸትም ይሠራል፤ ሰዓታት ከተሰጡት ፕሮቲኖቹ በራሳቸው ይያያዛሉ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በማንኪያ ብቻ የተለወሰ ሊጥ፣ በሐረር መካከለኛ አየር ከቀኑ 11 ሰዓት ግድም ደርሶ ይገኛል። ለእራትም፣ በረመዳን ለማፍጠሪያም የሚመች ሰዓት ነው። በመሐል አንድ ሁለት ጊዜ እጅን በውኃ ነክሮ ሊጡን ከጠርዝ ወደ መሐል ማጠፍ ይጠቅማል፤ ባይታጠፍም ግን አይበላሽም። “ቀላል ፒዛ” የሚባል ነገር ካለ ቀላልነቱ ያለው እዚህ ነው። በሰላሳ ደቂቃ ይደርሳል እየተባለ በየሥፍራው የሚነገርለት ሊጥ እርሾው ይሸታል፣ ሲዘረጋ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ሲበስል ይጠነክራል፤ ሥራውም ቢሆን ከዚህኛው አይቀንስም፣ የሚቀንሰው መጠበቁ ነው።

ሐረርጌ የማሽላ አገር ነው፤ ታዲያ ለምን ማሽላ አንጠቀምም የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው። ማሽላም ጤፍም ግሉተን የላቸውም፤ ብቻቸውን የተለወሱ እንደሆነ ጋዙ ያመልጣል፣ ቂጣው ይሰነጠቃል። ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ማሽላ፣ አራቱን ስንዴ ማድረግ ግን ይቻላል፤ መረቡ ይህን ያህል ባዕድ ዱቄት ይሸከማል፣ ጣዕሙም ለዛ ያለውና የጠለቀ ይሆናል። ከዚያ በላይ ሲጨመር ሊጡ በእጅ ላይ ይበጣጠሳል። ነጭ ዱቄት ለጤና አይበጅም ለሚለውም ስጋት ይህ ከፊል መልስ ነው። ከፊል የምለው ስጋቱ እውነት ስላለበት ነው፦ ፒዛ የሽሮን ወይም የምስርን ቦታ ሊወስድ አይገባውም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጨውና ዘይቱ በእጅ ተለክቶ፣ ከሰላጣ ጋር ሲቀርብ ግን ልጆች ከየሱቁ ገዝተው ከሚያኝኩት ነገር ጋር ሲተያይ አያሳፍርም።

ስለ ቲማቲሙ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በሐሮማያ ዙሪያ የሚለማው አትክልት ለሐረር ገበያ ቅርብ ነው፤ ደርሶ የቀላ ቲማቲም መምረጥ ነው። አራት ወይም አምስት ፍሬ ይፈቀፈቃል፣ ትንሽ ጨው ይነሰነስበታል፣ ወንፊት ላይ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። የሚንጠባጠበው ውኃ ለወጥ ይውላል። ፒዛን ከሚያበላሹት ነገሮች ይህ ውኃ ቀንደኛው ነው፤ የምጣድ እሳት እንደ ኔፕልስ ምድጃ በአንድ ጊዜ አያተነውም። ውኃው ከወጣለት በኋላ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ካስፈለገም ለማጥበቅ ግማሽ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ይጨመርበታል። ጣሊያኖች የሚጠቀሙበት ቅጠል ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ አያሻም፤ ባሲል የሚሉት በሶብላ ነው፣ ጦስኝም የታይም ወገን ነው። ለአንድ ፒዛ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቲማቲም ይበቃል። ሦስተኛዋን ማንኪያ የሚጨምር እጅ ይጸጸታል።

አይቡ ግን ረዘም ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። የእኛን አይብ ፒዛ ላይ በትኖ የጋገረ ሰው አይቡ እንደማይቀልጥ አይቷል፤ ይደርቃል፣ ይፈረፈራል፣ ቢቆይ ጫፉ ይጠቁራል። ጥፋቱ የአይቡ ጥራት አይደለም። አይብ የሚወጣው ቅቤው ከተናጠ በኋላ የቀረው አሬራ ቀስ ብሎ ሲሞቅ ነው፤ ከመቶ እጅ 79 ያህሉ ውኃ፣ 15 የሚጠጋው ፕሮቲን፣ 2 የማይሞላው ቅባት ነው። የሚሳበው አይብ ደግሞ በሌላ መንገድ ይሠራል፦ ወተቱ ብዙ ሳይኮመጥጥ ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ወይም ያንኑ በሚተካ ማርጊያ ይረጋል። ልዩነቱን የሚወስነው ካልሲየም ነው። በወተት ውስጥ ኬዝን የሚባሉትን ፕሮቲኖች አያይዞ የያዛቸው ካልሲየም ሲሆን፣ በሞዛሬላ ውስጥ አሲዱ መጠነኛ ስለሆነ ካልሲየሙ በከፊል ይቀራል፤ ሙቀት ሲያገኝ ማሰሪያው ይላላል፣ ፕሮቲኖቹ ሳይለያዩ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ፣ አይቡ ይሳባል። አሬራ ግን ከመጀመሪያው በጣም የኮመጠጠ ስለሆነ ካልሲየሙ ከፕሮቲኑ ተለይቶ በውኃው ውስጥ ቀርቷል፤ የቀሩት ፕሮቲኖች በሙቀት ሲጠባበቁ የሚያስወጡት ውኃ እንጂ የሚፈስ ነገር የላቸውም። በሎሚ የተቋጠረ ትኩስ ወተትም በዚሁ ምክንያት አይቀልጥም። ስለዚህ “አይባችንን በደንብ ብናጥበው፣ ብንጨምቀው ይሳባል” የሚለው ምክር ከንቱ ድካም ነው።

ይህ ማለት አይብ ከፒዛ ይባረር ማለት አይደለም፤ ቦታው ይቀየር ማለት ነው። ጣሊያኖች ሪኮታ የሚሉት የማይቀልጥ አይብ አላቸው፤ ፒዛ ላይ ይጠቀሙበታል፣ ይሳብልኛል ብሎ የሚጠብቀው ግን የለም። የእኛም አይብ ከትንሽ ዘይት ወይም ለጋ ቅቤ፣ ከጨውና ከተከተፈ ቃሪያ ጋር ተለውሶ፣ ፒዛዋ ከምጣድ ልትወጣ አንድ ደቂቃ ሲቀራት ወይም ከወጣች በኋላ በየቦታው ጠብ ጠብ ቢደረግ ለቲማቲሙ ኮምጣጣነት ልስላሴ ይሰጠዋል። የሚሳበውን የፈለገ ፕሮቮሎኔ ወይም ሞዛሬላ ይግዛ፤ ለአራት ፒዛ 200 ግራም ይበቃል፣ ከግማሹ በላይ ደግሞ በአይባችን ሊተካ ይችላል። በምሥራቁ ወተት ሲነሳ ግመል ሳይነሳ አይቀርም። የግመል ወተት በተለመደው ማርጊያ በቀላሉ አይረጋም፤ ከኬዝኖቹ ውስጥ ማርጊያው የሚሠራበት ካፓ ኬዝን በላም ወተት 13 ከመቶ ገደማ ሲሆን በግመል ወተት 3.5 ከመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ከግመል የተወሰደው ማርጊያ ተለይቶ ከተመረተ ወዲህ ግን በሩ ተከፍቷል፤ በሐረር ጎረቤት የሚገኘው የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በግመል ወተት አይብ ላይ ሲሠሩ ቆይተዋል። የግመል አይብ ያለበት የሐረር ፒዛ ገና በየሱቁ የሚገኝ ነገር ባይሆንም የሚያስቅ ሐሳብም አይደለም።

ደግሞም ፒዛ ያለ አይብ ፒዛ ነው። ማሪናራ የሚባለው ከኔፕልስ ሁለት አውራ ዓይነቶች አንዱ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየምግብ ቤቱ የሚገኘው የጾም ፒዛ የድሃ ማስመሰያ ይመስላቸው የነበሩ ሰዎች ሊያውቁት የሚገባ ነገር ነው፤ የጾሙ ፒዛ ከአይቡ ፒዛ ያነሰ የዘር ሐረግ የለውም። ለሐረር ይህ ከጣዕም ያለፈ ጥቅም አለው። እስላምና ክርስቲያን ግድግዳ ተጋርተው በሚኖሩበት ከተማ የአንዱን ቤት ሥጋ ሌላው አይበላም፤ ጎረቤት ሲጠራ ለብቻ ይበሰላል ወይም ሥጋ ይቀራል። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርትና በሶብላ ያለበት ፒዛ ግን ሁሉም ቤት ይገባል፤ አይቡ ከተተወም የጾሙን ቀን አይጠይቅም። ሥጋ የሚወድ ቤተሰብ የተፈጨ ሥጋ በሽንኩርት አብስሎና ውኃውን አድርቆ ይጨምርበት። ከውጭ የሚመጣ ሞርታዴላና ሳላሚ የሚገዛ ሰው ግን ጽሑፉን አንብቦ ይግዛ፣ የአሳማ ሥጋ ሊሆን ይችላል።

አሁን የከበደው ተቃውሞ ይምጣ። ፈጢራ ያለው ሕዝብ፣ ሙፎ ያለው ሕዝብ፣ ሑልበት መረቅ የሚሠራ ሕዝብ የጣሊያን ምግብ ምን ያደርግለታል? የሚለው። የጣሊያን ነገር ሐረር ላይ ሲነሳ ጠባሳም አብሮ ይነሳል፤ የፋሺስት አውሮፕላኖች በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ደብድበዋል፣ ከዚያም እስከ 1933 ዓ.ም. በወረራ ቆይታለች። ፓስታና ማካሮኒ ተዉልን ብሎ ማመስገን አይገባም። ነገር ግን ምግብ የወራሪ ንብረት ሆኖ አይቀርም። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ይዞት የመጣው ሸቀጥ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ በግመል ከዘይላ ይወጣ የነበረው ሁሉ፣ የሐረርን ገበታ እየለወጠ ነው የኖረው። ሳምቡሳ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ቲማቲምና በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር የተገኙ ናቸው፤ ጣሊያኖችም ለቲማቲም ባዕድ ነበሩ። ሐረር በበኩሏ ስሟን የያዘ ቡና ለዓለም ሰጥታለች። በጊዲር መጋላ ገበያ አንድ ጊዜ የዞረ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ “ንጹሕ የእኛ ብቻ” የሆነ ማዕድ መፈለግ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ያያል። ፈጢራን የሚያስረሳት ፒዛ መብላት አይደለም፤ መሥራቷን ለልጆች አለማሳየት ነው። ስስ ሊጥ መዘርጋት በፒዛ የለመደች ልጅ ፈጢራ ለመዘርጋት አንድ እርምጃ ብቻ ይቀራታል፤ ፈጢራው ይበልጥ ስስ ሊጥ፣ ይበልጥ የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል።

ሌላ ተቃውሞ አለ፣ እሱን ግን የሚያነሱት ወንዶች አይደሉም። “ቀላል” የሚባለው ለማን ነው? ወጡም እንጀራውም በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ባለበት ቤት አዲስ ምግብ ማለት አዲስ ሥራ ነው። እውነት ነው፤ ለዚህም ነው በዚህ ምዕራፍ የማይታሸውን ሊጥ የመረጥኩት። ጠቅላላ የእጅ ሥራው ጠዋት አሥር ደቂቃ፣ ማታ ግማሽ ሰዓት ነው፤ የማታውም ቢሆን ቲማቲም መፈቅፈቅ፣ አይብ መበተን፣ ሽንኩርት መደርደር ስለሆነ ልጆችም አባትም ሊሠሩት የሚችሉት ነው። ከእሳቱ አጠገብ አንድ ትልቅ ሰው ይበቃል። ከዚሁ ጋር እናቶች ስለ ምጣዳቸው የሚያሰሙት ስጋት መልስ ይገባዋል፦ በጎመን ዘር ታሽቶ የተሟሸ የእንጀራ ምጣድ ላይ አይብና ቲማቲም ከፈሰሰበት የሚቀጥለው እንጀራ አልላቀቅ ይላል። ስጋቱ ትክክል ነው፤ ምጣዱ አይነካ። የዳቦ ምጣድ ያለው በዚያ ይጋግር፣ የሌለው ወፍራም መጥበሻ ይጠቀም።

ሊጡ ሲደርስ በአራት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ከ200 ግራም ትንሽ ይበልጣል። ተድቦልቡሎ፣ ዱቄት ተነስንሶበት፣ ጨርቅ ለብሶ ግማሽ ሰዓት ያርፋል፤ ያላረፈ ሊጥ ሲዘረጋ ይሰበሰባል። ከዚያ ከመሐል ወደ ዳር በጣት እየተገፋ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት እስኪኖረው ይዘረጋል። መዳመጫ መጠቀም ነውር የለውም፣ ጠርዙ ግን አይዳመጥ። መጥበሻው የውኃ ጠብታ ሲነካው ጭስ ብሎ እስኪጠፋ ይጋል። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው የተረፈውን ድብልብል ክዳን ባለው ዕቃ ሦስት ቀን ሊያቆየው ይችላል፤ የሌለው የዚያኑ ቀን ጋግሮ ለጠዋት ሻይ ያስቀምጠው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዋን ድብልብል ቲማቲምም አይብም ሳያደርጉ ጋግረው፣ ዘይትና ጨው ብቻ ነክተው ለቤተሰቡ ያቅምሱ። ባዶዋን ካልጣፈጠች ጨዉን፣ ውኃውንና ጊዜውን ያስተካክሉ፤ አይብ ለመግዛት አይቸኩሉ።